ጠያቂዋ ሴት



ሆስፒታል የተኛ ሕፃን አስታማ የማታውቅ እናት ወይም እኅት በመካከላችን ጥቂት ናት። ጠዋት ሥራ ገብታ፣ በምሳ ሰዓት ምሳ ዕቃ አንጠልጥላ ሮጣ፣ ማታም ከአልጋው አጠገብ ወንበር ላይ ተኮራምታ ያደረች ሴት ሁሉ፣ ሕፃኑ ቀና ብሎ «ለምን እኔን አመመኝ?» ሲላት ምላሷ እንደሚተሳሰር ታውቀዋለች። አብዛኞቻችን ያን ጥያቄ ልጁ ሲድን እንረሳዋለን፤ ሳይድን ሲቀር ደግሞ ከኀዘናችን ጋር በሆዳችን እንቀብረዋለን።

ዛሬ የምናወጋችሁ ይህን ጥያቄ አልቀብርም ብላ እስከ ፓርላማ ድረስ ይዛው ስለ ገባች አንዲት ጀርመናዊት ነው። ፔትራ ኬሊ ትባላለች። በምዕራብ ጀርመን «አረንጓዴዎቹ» የተባለውን ትንሽ ፓርቲ ከመሠረቱትና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከመሩት ሰዎች አንዷ ነበረች። ከሥራዋ የምንማረው ብዙ ነገር አለ፤ ከአሟሟቷም እንዲሁ። ሁለቱንም ሳንሸፋፍን እንነግራችኋለን። ዘመኑና ወሩ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ልብ በሉልን።

በአያት እጅ ማደግ

ፔትራ የተወለደችው ኖቬምበር 29 ቀን 1947 ጉንዝቡርግ በምትባል የባቫሪያ ትንሽ ከተማ ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ ገና ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ቢሆነው ነው፤ የጀርመን ከተሞች ፍርስራሻቸው ገና አልተነሣም ነበር። አባቷ በልጅነቷ ቤቱን ጥለው ሄዱ። እናቷ ለዕለት እንጀራ ሥራ ይውሉ ስለ ነበር፣ ሕፃኗን በማሳደግ በኩል ትልቁን ድርሻ የያዙት አያቷ ወይዘሮ ኩኒጉንደ ቢርለ ነበሩ።

ይህ ለእናንተ እንግዳ ነገር አይደለም። ስንቶቻችን ነን ልጃችንን ለእናታችን ትተን ጠዋት አውቶቡስ የምንሳፈር? አያት ልጅ ስታሳድግ «ማቆያ» ብቻ አድርጎ የሚያይ ሰው አለ። የፔትራ አያት ግን ጋዜጣ የሚያነቡ፣ ያነበቡትንም ከልጅቱ ጋር የሚወያዩ ሴት ነበሩ። ፔትራ ካደገች በኋላ ለሰው ሁሉ መብት መቆምን የተማርኩት ከአያቴ ነው ስትል ኖራለች። አያትየዋም በስተርጅና የልጅ ልጃቸውን ደብዳቤ እየለዩ፣ ከጋዜጣ የሚጠቅማትን እየቆረጡ የሥራ ጓደኛዋ ሆነው ዘልቀዋል።

እናቷ በኋላ አንድ የአሜሪካ ጦር መኰንን አገቡ። ኬሊ የሚለው ስም የእንጀራ አባቷ ነው። ቤተሰቡ በ1959 ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ ፔትራም እዚያ አድጋ ዋሽንግተን በሚገኘው አሜሪካን ዩኒቨርሲቲ የፖለቲካ ሳይንስ ተማረች። በ1968 ለሴናተር ሮበርት ኬኔዲ የምርጫ ዘመቻ ሠራች፤ ሴናተሩ በዚያው ዓመት በጥይት ተገደሉ። በዚያው ዓመት በኦገስት ወር ደግሞ ከአያቷ ጋር ለጉብኝት ፕራግ ከተማ እንዳለች የዋርሶ ቃል ኪዳን ጦር ታንኮች ከተማይቱን ያዙ፤ አያትና ልጅ ከሆቴላቸው እንዳይወጡ ሆነው ሰነበቱ። የሃያ ዓመቷ ወጣት የጦር መሣሪያን ጉዳይ የተማረችው ከመጽሐፍ ብቻ እንዳልነበረ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የግሬስ አልጋ

እናቷ ከሁለተኛው ትዳራቸው ግሬስ የምትባል ልጅ ወልደው ነበር። ፔትራ ይህችን ታናሽ እኅቷን ከልብ ትወዳት ነበር። ግሬስ ገና ትንሽ ልጅ ሳለች በዓይኗ ላይ ካንሰር ወጣባት። ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ የጨረር ሕክምናም ተሰጣት። ከብዙ ስቃይ በኋላ በፌብሩዋሪ 1970 ሃይድልበርግ ከተማ ውስጥ ዐረፈች። ዕድሜዋ 10 ዓመት ነበር።

ፔትራ ያን ጊዜ የ22 ዓመት ተማሪ ነበረች። ኀዘኗን ይዛ ቤት አልተቀመጠችም። ከአልጋው አጠገብ ተቀምጣ ሳለች ያየችውን ሁሉ መዝግባ ይዛው ነበር። ሕፃናት ታማሚዎች እንደ ትንንሽ አዋቂዎች ይቆጠራሉ፤ የሚጫወቱበት ቦታ የለም፤ ወላጅ እንደ እንግዳ በሰዓት ገብቶ በሰዓት ይወጣል፤ ሐኪሙ ዕጢውን ያያል፣ የልጁን ፍርሃት የሚያይ ግን የለም። ስለዚህ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በግሬስ ስም የሕፃናት ካንሰር ምርምርን የሚረዳ ማኅበር አቋቋመች። ለረጅም ጊዜ የሚታመሙ ልጆች ሕክምናቸውን እየተከታተሉ የሚጫወቱበትና ከቤተሰባቸው ጋር የሚሆኑበት ቦታ እንዲሠራም ጠየቀች። ዕቅዱን «የልጆች ፕላኔት» ብላ ሰየመችው።

ጥያቄው በዚህ አላበቃም። ጨረር ካንሰርን እንደሚያክም ሁሉ ካንሰርን ሊያስከትል እንደሚችልም በሳይንስ የታወቀ ነው። እንግዲያው በየቦታው የሚሠሩት የኑክሊየር ኃይል ማመንጫዎችና በበረሃና በባሕር ላይ የሚሞከሩት የአቶም ቦምቦች ለልጆች ጤና ምን ያህል እንደሚያሰጉ ማነው የሚቆጣጠረው? ስትል መጠየቅ ጀመረች። በዚያን ዘመን ይህ የሚኒስትሮችና የመሐንዲሶች ጉዳይ እንጂ የሴቶች ጉዳይ ነው ተብሎ አይታሰብም ነበር።

ከመቶ አምስት ድምፅ

ፔትራ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ አሥር ዓመት ያህል በብራሰልስ በአውሮፓ ማኅበረሰብ መሥሪያ ቤት ተቀጥራ ሠርታለች። በሥራ ቀን ቢሮዋ ትውላለች፤ ቅዳሜና እሑድ በባቡር ተሳፍራ የኑክሊየር ማመንጫ ሊሠራባቸው ወደ ታሰቡ መንደሮች ትሄዳለች፤ ከገበሬዎችና ከእናቶች ጋር ሰልፍ ትወጣለች። የሶሻል ዴሞክራት ፓርቲ አባል ነበረች፤ ሆኖም ፓርቲው በኑክሊየር ኃይልና በጦር መሣሪያ ላይ የያዘውን አቋም በመቃወም በ1979 ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ለሄልሙት ሽሚት ደብዳቤ ጽፋ ወጣች።

በዚያው ዓመት ለአውሮፓ ፓርላማ በተደረገው ምርጫ የአረንጓዴዎቹ ዝርዝር ቀዳሚ ዕጩ ሆና ቀረበች። ያገኙት ድምፅ ከመቶ 3.2 ነበር። በጃንዋሪ 1980 ካርልስሩኸ ከተማ ላይ ፓርቲው በአገር ደረጃ ተመሠረተ፤ ፔትራም ከሦስቱ ቃል አቀባዮች አንዷ ሆና ተመረጠች። አረንጓዴዎቹ አንድ ሊቀ መንበር አንፈልግም ብለው ስለ ነበር መሪነቱ የሦስት ሰዎች ነበር። በዚያው ዓመት በተደረገው የፌዴራል ፓርላማ ምርጫ ግን ያገኙት ከመቶ 1.5 ብቻ ሆነ።

እዚህ ላይ የጀርመንን የምርጫ ሕግ ማወቅ ይጠቅማል። በዚያ አገር አንድ ፓርቲ መቀመጫ የሚያገኘው ባገኘው ድምፅ መጠን ነው፤ ነገር ግን በአጠቃላይ ከመቶ አምስት ድምፅ ያላገኘ ፓርቲ ከደጅ ይቀራል። ለትንሽ ፓርቲ ይህ ከፍ ያለ ደፍ ነው። ማርች 6 ቀን 1983 አረንጓዴዎቹ ከመቶ 5.6 አግኝተው ደፉን ተሻገሩ። 500 ያህል መቀመጫ ባለው ፓርላማ ውስጥ 27 መቀመጫ ያዙ፤ ከምዕራብ በርሊን ከመጣው ጋር 28 ሆኑ። መጀመሪያ የገቡ ዕለት በእጃቸው አበባና በተበከለ ዝናብ የደረቀ የጥድ ቅርንጫፍ ይዘው ነበር። ክራቫት ያሰሩት ነባር እንደራሴዎች ሹራብ የለበሱትን አዲሶች በመገረም ተመለከቱ።

አረንጓዴዎቹ በዚያን ጊዜ ያወጧቸው ሁለት ደንቦች ሠራተኛ አንባቢዎቻችንን ሳያስገርሙ አይቀሩም። አንደኛው፣ እንደራሴው ከደመወዙ ለራሱ የሚያስቀረው የአንድ ባለ ሙያ ሠራተኛ ደመወዝ ያህል ብቻ ሆኖ የቀረው ለጋራ ሥራ እንዲውል ነው። ሁለተኛው፣ ማንም እንደራሴ ሁለት ዓመት ሠርቶ መቀመጫውን ለተከታዩ እንዲለቅ ነው።

በዚያ ዓመት የአገሩ ትልቁ ክርክር የሚሳይል ጉዳይ ነበር። ሶቭየት ኅብረት ኤስ ኤስ 20 የተባሉትን ሚሳይሎች ተክላ ነበር፤ አሜሪካም በምዕራብ ጀርመን ፐርሺንግ 2 የተባሉትን ልትተክል ነበር። ፔትራ ሁለቱንም ተቃወመች። በሜይ 1983 ከጓደኞቿ ጋር ምሥራቅ በርሊን ገብታ በአሌክሳንደር አደባባይ የሰላም ጽሑፍ ዘርግታ ለጥቂት ሰዓት ተያዘች። በኦክቶበር ወር ደግሞ የምሥራቅ ጀርመኑን መሪ ኤሪክ ሆኔከርን ፊት ለፊት አግኝታ በሰላም ጉዳይ የታሰሩት እንዲፈቱ ጠየቀች። በምዕራቡ ፓርላማ ግን ድምፅ ሲሰጥ የፐርሺንግ መተከል ጸደቀ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በዲሴምበር 1987፣ ሬጋንና ጎርባቾቭ እነዚያን የሁለቱን ወገን ሚሳይሎች ለማስወገድ ተፈራረሙ። ይህን ያደረገችው ፔትራ ናት አንልም፤ ነገር ግን በየአደባባዩ ከቆሙት በመቶ ሺሕ ከሚቆጠሩ ሰዎች መካከል ድምፅዋ ጎልቶ የተሰማ እሷ ነበረች።

የተሳቀባት እንደራሴ

በሜይ ወር 1983 ከአረንጓዴዎቹ አንዷ የሆነችው ዋልትራውት ሾፐ በፓርላማው ተነሥታ፣ ባል ሚስቱን አስገድዶ ቢደፍር እንደ ማንኛውም ወንጀለኛ ይቀጣ ብላ ተናገረች። የአገሩ ሕግ በዚያን ጊዜ አስገድዶ መድፈር የሚለው ከትዳር ውጭ የተፈጸመውን ብቻ ነበር። እንደራሴዎቹ ምን አደረጉ ብትሉ ሳቁ። ሳቃቸው በመላ አገሪቱ ተሰማ። የቤት ገበና እንዴት ፓርላማ ይገባል የሚል ሳቅ ነበር።

እኛም ይህን ሳቅ እናውቀዋለን። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቃል» እየተባለልን አይደል ያደግነው? የጓዳ ነገር በጓዳ ይቅር፣ አደባባዩ ለወንዶች ነው የሚለው አነጋገር በእኛ አገር ብቻ ያለ አይምሰላችሁ። ልዩነቱ የተሳቀባቸው ሴቶች ወደ ወንበራቸው ተመልሰው ዝም አለማለታቸው ነው። በ1984 የአረንጓዴዎቹ የፓርላማ ቡድን አመራር ስድስት አባላት ነበሩት፤ ስድስቱም ሴቶች ነበሩ። በ1986 ፓርቲው ከኃላፊነት ቦታዎችና ከዕጩዎች ግማሹ ለሴቶች እንዲሆን በደንቡ ላይ አጸደቀ። ያ የተሳቀበት ጥያቄም በ1997 ሕግ ሆነ። ከሳቁ እስከ ሕጉ 14 ዓመት ፈጀ ማለት ነው።

የድካሙ ዘመን

ፔትራ እንከን አልነበረባትም ብንላችሁ አታምኑንም። በ1985 የሁለት ዓመት ተራዋ ሲደርስ መቀመጫዬን አለቅም አለች። ጓደኞቿ ተቀየሟት፤ ደንብ ያወጣ ሰው ደንቡን ሲያፈርስ ማን ደስ ይለዋል? እርሷ ደግሞ የጀመርኩትን ሥራ በሁለት ዓመት ውስጥ ጨርሼ ለሌላ ማስረከብ አልችልም ባይ ነበረች። ከዓለም ዙሪያ ደብዳቤ ይጎርፍላት ነበር፤ ስለ ቲቤት፣ ስለ ታሰሩ ሰዎች፣ ስለ ታመሙ ልጆች። ለሁሉም መልስ ልስጥ ትላለች፤ ሌሊቱን ትጽፋለች፤ እንቅልፍ የላትም። አብረዋት የሚሠሩትን ፋታ የምትነሣ ሰው ነበረች። ከልጅነቷ ጀምሮ ኩላሊቷ ያማት ነበር፤ የማስፈራሪያ ደብዳቤም ይደርሳት ነበር።

ዲሴምበር 2 ቀን 1990 ሁለቱ ጀርመኖች ከተዋሐዱ በኋላ በተደረገው ምርጫ የምዕራቡ አረንጓዴዎች ከመቶ 4.8 አገኙ። ደፉን ሳይሻገሩ ቀሩ፤ ፔትራም መቀመጫዋን፣ ቢሮዋንና ረዳቶቿን ባንድ ቀን አጣች። በ1991 ለፓርቲው ቃል አቀባይነት ብትወዳደርም የመረጧት በጣም ጥቂት ነበሩ። አገር ያወቃት ሴት በ43 ዓመቷ የምትሠራበት ወንበር አጣች።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ከጎኗ የማይጠፋ አንድ ሰው ነበር፤ ጌርት ባስቲያን ይባላል። የጀርመን ጦር ጄኔራል የነበረ፣ የሚሳይሎቹን መተከል ተቃውሞ በ1980 ከሠራዊቱ የወጣ፣ ከዚያም ከአረንጓዴዎቹ ጋር ፓርላማ የገባ ሰው ነው። በ24 ዓመት ይበልጣታል፤ ሚስትና ልጆች ነበሩት። ሻንጣዋን ይሸከማል፣ መኪናዋን ይነዳል፣ ደብዳቤዋን ይጽፋል። ያየው ሁሉ እንዴት ያለ ደግ ሰው ነው ይል ነበር። ፔትራም በእሱ ላይ ጥገኛ እየሆነች፣ ብቻዋን መሆን እየፈራች ሄደች።

የተዘጋው በር

በሴፕቴምበር 1992 ሁለቱ ሳልዝበርግ ከተማ በዩራኒየም ጉዳት ላይ በተደረገው ዓለም አቀፍ ስብሰባ ተካፈሉ። ከዚያም ቦን ወደሚገኘው ቤቷ ተመለሱ። ኦክቶበር 1 ቀን ፔትራ በአልጋዋ ላይ ተኝታ ሳለች ባስቲያን በሽጉጥ ጭንቅላቷን መትቶ ገደላት፤ ከዚያም ራሱን ገደለ። ዕድሜዋ 44 ዓመት ነበር። ሲጽፈው የነበረው ደብዳቤ በጽሕፈት መኪናው ላይ ሳያልቅ ተገኝቷል። ምክንያቱን የሚናገር ቃል ግን አልተወም።

አንዳንዶች ወሬውን እንደ ሰሙ ተስማምተው አብረው ሞቱ አሉ፤ የፍቅር መጨረሻ ነው ብለው ያዘኑም ነበሩ። ውድ አንባቢያን፣ እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ተኝታ የነበረች ሴት ተስማማች የሚያሰኝ አንዳች ማስረጃ አልተገኘም። የተገደለ ሰው ተገደለ ይባላል። ገዳዩ ቀድሞ የሰላም ሰው መባሉ፣ ሻንጣ ተሸካሚ መሆኑ፣ ታማኝ መባሉ ቃሉን ሊለውጠው አይገባም። በየአገሩ ሴት በገዛ ቤቷ፣ በምታምነው ሰው እጅ ስትሞት «ወዷት ነው»፣ «ቀንቶ ነው»፣ «ተጨንቆ ነው» እየተባለ ስሙ ሲለዘብ እንሰማለን። ስሙ ሲለዘብ ወንጀሉም የለዘበ ይመስላል።

ይህን ጽሑፍ ሳዘጋጅ ከሁሉ ይልቅ የከበደኝ ሌላ ነገር ነው። ሬሳቸው የተገኘው ኦክቶበር 19 ቀን ነው። 18 ቀን ሙሉ በሩ ተዘግቶ ቀረ። ስሟ በዓለም የታወቀ፣ በመቶ ሺሕ ሕዝብ ፊት የተናገረች ሴት ናት፤ የጠፋችበትን ምክንያት ለማወቅ ደጇን ያንኳኳ አልነበረም። ብዙ ስለምትጓዝ አንድ ቦታ ሄዳ ነው ብሎ ሁሉም አሰበ። በመጨረሻ ድምፃቸው ጠፋ ብለው ፖሊስ እንዲያይ ያደረጉት የባስቲያን ሚስትና እነዚያ አሮጊት አያቷ ናቸው።

እኛስ?

ጥያቄዎቿ ከእርሷ ጋር አልተቀበሩም። ፓርቲዋ ቆይቶ በ1998 የመንግሥት ተጣማሪ ሆነ። ከአረንጓዴዎቹ የወጣችው አናሌና ቤርቦክ ከ2021 እስከ 2025 የጀርመን የመጀመሪያዋ ሴት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበረች። የአገሪቱ የመጨረሻዎቹ ሦስት የኑክሊየር ማመንጫዎች ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ተዘጉ፤ ልክ ነበር አልነበረም እያሉ የሚከራከሩ ብዙ ናቸው። በየሆስፒታሉ ለታመሙ ልጆች የመጫወቻ ክፍል መኖሩ፣ ወላጅ ከልጁ ጋር ማደሩ ግን ዛሬ ብዙ ክርክር አያስነሣም፤ ትናንት ግን ሰው ተነሥቶ ሊጠይቀው ያስፈለገ ነገር ነበር።

በቋንቋችን መጠየቅ ሁለት ነገር ነው። አንዱ ለምን ማለት ነው፤ ሌላው የታመመን፣ የጠፋን፣ ያዘነን ሰው ሄዶ ማየት ነው። ፔትራ የመጀመሪያውን ከሁለተኛው ተማረች፤ እኅቷን ልትጠይቅ ሄዳ ለምን ማለት ጀመረች። ለራሷ ግን ጠያቂ ባጣች ጊዜ ሞተች።

ስለዚህ እኅቶቼ፣ በሥራ ቦታችሁ፣ በልጃችሁ ትምህርት ቤት፣ በጤና ጣቢያው ደጅ የገባችሁን ጥያቄ ትንሽ ነን፣ ይሳቅብናል ብላችሁ አትዋጡት። ከመቶ አምስት መሆን በቂ የሆነበት ጊዜ አለ። ከዚያ ጋር ግን ሁልጊዜ ለሰው የምትሮጠዋን፣ በማኅበሩም በዕድሩም የማትጠፋዋን፣ «እሷ ብርቱ ናት» የምንላትን ሴት አስቧት። ብርቱ ናት እያልን የማንጠይቃት እሷን ነው። የደግ ባሏን ስም እየጠራን በሩን ማንኳኳት አንተው። ቡናው ሲፈላ ከሰሞኑ ያልታየችው ማን ናት በሉና አንድ ልጅ ላኩ፤ ልጁ ተመልሶ በሩ ዝግ ነው ቢላችሁ፣ ነጠላችሁን ጣል አድርጋችሁ ራሳችሁ ሂዱ።